ቡኒው እጅጌ

ሐሙስ፣ ጥር 3 ቀን 1976

ካርድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሰልፍ። ሁለት የታካሚ ካርድ ጠፋብኝ፤ አለቃዬ ጮኸብኝ፤ እኔም ታካሚዎቹ ላይ ጮህኩ።

ቤት ስገባ ፋንታሁን። ድሮ ከወንድሜ ከአስማረ ጋር ግድግዳ ላይ መፈክር ይጽፍ የነበረው። ቀበሌ በኖራ ሲያጠፋ እነሱ ደግመው ሲጽፉ... ኅዳር 70 ሁለቱም ታሰሩ። እሱ ዓምና ተፈታ፤ አሁን ሸራ ላይ ይሥላል። አንዱን አምጥቶ ግድግዳችን ላይ ሰቅሏል።

"የመጀመሪያዬ ነው። ለእማማ እናኑ ነው" አለ፤ እናቴን ማለቱ ነው። ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ። ምን አስቸኮለው?

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ሥዕሉ ጥምቀት ነው። ቀሐ ወንዝ፣ ባሕረ ጥምቀቱ፣ ሕዝቡ ውሃ ውስጥ። ግን አንድም ሰው አይስቅም። መሐል ላይ አንድ ወጣት ሹራብ ለብሶ ቆሟል። ሹራብ ለብሶ ውሃ የሚገባ ማን ነው? ፊቱ... አስማረ ነው።

እማዬ "ሸጋ አድርጎ ሥሎታል። ምነው ግን በረደው?" አለችኝ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬው ወጣሁ። ስመለስ ዞሮ እያየኝ ነው። እማዬን ብጠይቃት አልነካሁም አለች። እሷ ናት... እሷ መሆን አለባት።

ሰኞ፣ ጥር 7

የሁሉም ሰው መልክ ውሃው ላይ ይታያል። የካህናቱ፣ የሕፃናቱ፣ የዣንጥላው ሳይቀር። የአስማረ ብቻ የለም። ረስቶት ነው? ዣንጥላውን አስታውሶ?

ጥግ ላይ ደግሞ ሳህን የያዘ ሰው በጎን ተሥሏል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸው። ይሄ ምን አደረገ?

ረቡዕ፣ ጥር 9

ካርድ እየጻፍኩ እጄ ቆመ። ሹራቡ!

አረንጓዴ፣ አንዱ እጅጌ ቡኒ። ክሩ አልቆባት እማዬ በቡኒ ጨረሰችው። አስማረ ከታሰረ በኋላ ነው ሠርታ ከስንቁ ጋር የላከችለት። ከእስር ቤት ውጭ ለብሶት ያየው የለም። ፋንታሁን ግን ሲፈታ "አላየሁትም፤ ሌላ ቦታ ነበርኩ" ብሎ ምሎልናል።

ስምንት ወር ስንቅ አመላለስን። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ እማዬ "በላልኝ" እያለች ትስመው ነበር። ከዚያ "ተዛውሯል" አሉን። እስከ ዛሬ በጸሎት ስሙን ከሕያዋን ጋር ታስጠራለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 12

ትናንት ጥምቀት አልወጣሁም። ውሃ ማየት አስጠላኝ። ዛሬ ፋንታሁን ቤት ሄጄ ስለ ሹራቡ ጠየቅኩት።

"በታሰርን በወሩ፣ ታኅሣሥ 20 ወሰዱት። የተወሰደ አይመለስም ነበር። በማግስቱ በር ላይ 'የአስማረ ስንቅ!' ብለው ተጣሩ።"

"እና?"

"እኔ 'አቤት' አልኩ።"

የእሱ ዘመዶች ሩቅ፣ አዲ አርቃይ ናቸው፤ መታሰሩን ስለማያውቁ ስንቅ አይልኩለትም። ርቦት ነበር። "ለአንድ ቀን ብዬ ነው፤ ስሚኝ፣ የዓለምወርቅ። ሳህን የያዘው እኔ ነኝ። አፌ እምቢ ሲለኝ ሣልኩት።"

ሰባት ወር ሙሉ የወንድሜን ስንቅ በላ! ማነቅ አማረኝ። ራስህ ንገራት ብዬው ወጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 13

መጥቶ ነገራት። እማዬ አልጮኸችም። ሥዕሉን አየች፣ እሱን አየች።

"ሽሮው ጨው ይበዛበት ነበር?" አለችው።

"አይ፣ እማማ።"

ከዚያ ነው የጮኸችው። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

የአስማረ ተዝካር። ቄሱ ስሙን ከሙታን ጋር ጠሩት። ስሰማው... ቀለለኝ። ያሳፍራል፤ ግን ቀለለኝ።

ሥዕሉ እዚያው ነው። ዛሬ ቀና ብዬ አስማረን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

ፋንታሁን ደጃፍ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። እኔም እንዲገባ አልፈለግኩም፤ አልዋሽም። እማዬ እጁን ይዛ አስገባችው፣ አስቀመጠችው። ሳህን ሞልታ ፊቱ ቆመችና ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ በስሙ ጠራችው።

"ፋንታሁን!"



"አቤት" አለ።

"ብላ።"