የታደሰ አርባ

ኅዳር 13፣ አርብ

ታደሰ ለሁሉም ሰው እሺ ብሎ ነው የሞተው። ችግሬ ይኸው ነው።

ዛሬ ማርታ ከቴፒ ደወለች። አንድ ልጃችን ናት፤ እዚያ ታስተምራለች፣ እሑድ እሑድ ግን እኔ ያለሁበት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መጥታ ትዘምራለች። "እማ፣ ለአባዬ ተዝካር ልታወጪ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ውሸት ነው አይደል?" አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ፤ ለካ እያለቀሰች ነው።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እጁን ይዛ ጌታን ትቀበላለህ ወይ ብላ ጠይቃው፣ ራሱን ነቅንቆላታል። አይቻለሁ፣ አጠገባቸው ነበርኩ። "አባዬ ድኗል" አለች። "አሁን ካህን ጠርተሽ ፍትሐት ስታስደርጊለት፣ ያ ቀን ምንም አልነበረም እያልሽኝ ነው።"

ምን ልበላት? በማግስቱ የንስሐ አባቱ አባ ኪሮስ መጥተው ሲያናዝዙት በሩን የዘጋሁላቸው እኔው ነኝ። ስወጣ ለእሳቸውም ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። ጎረቤቴ ፈትያም አለች፤ ወላጆቿ ከጅማ መጥተው እዚሁ አማን ከተማ የቀሩ ናቸው፣ ከስፌት ቤቴ አጠገብ ሸቀጣ ሸቀጥ ትሸጣለች። አልጋው አጠገብ ቆማ ዱዓ ስታደርግለት "አሚን" ብሎኛል እያለች እስከ ዛሬ ትኮራለች።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነበር። ቡና እርሻው ላይ ትራክተር ሲጠግን ለሁለት አለቃ በአንድ ቀን ሁለት ሥራ እሺ ብሎ ይመጣና "አልማዜ፣ አሁን ምን ይሻላል?" ይለኛል። አሁንም ያው ነው። እሺ ያለው እሱ፣ የምጨነቀው እኔ።

ግን አንድ ነገር አለ። ያንን ሁሉ ሰዎች ጠየቁት፣ እሱ ደግሞ እሺ አለ። ይኼን ግን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ነው የጠየቀው። "አርባዬን እንዳትረሺ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃና ስለ ትራስ ካልሆነ ብዙም አልተናገረም። ከተጋባን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጴንጤ እንደሆንኩ ያውቃል። ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት ለሞተው ምንም አይጨምርለትም ብዬ እንደማምንም ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል። አውቆ ነው የጠየቀኝ። እኔም እሺ አልኩት፣ የሱ ልማድ ተጋብቶብኝ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ትልቅ ድል። በግ ገዛሁ።

ገበያው ጢም ብሏል። በግ የሚጎትት፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ የተሰለፈ። ቡና የሸጠ ሁሉ ዛሬ ሥጋ አማረው እንዴ ብዬ ተገረምኩ። ነጋዴው ከጌጫ ያወረደው የደጋ በግ ነው፣ ላቱ ይታያል። ተከራክሬ ተከራክሬ፣ ትቼ ሄጄ፣ ተመልሼ አስቀነስኩት። ታደሰ ቢሆን መጀመሪያ የተጠራውን ከፍሎ ምርቃት ይዞ ይመለስ ነበር።

እየጎተትኩ ስመጣ ፈትያ ከሱቋ ብቅ አለች።

"ምንድነው ደግሞ ይሄ?"

"ለአርባው ነው። ማክሰኞ።"

አየችኝ፣ በጉን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች። "አልማዜ፣ ነገ እኮ የገና ጾም ይገባል! ቅቤና እንቁላሌን ዛሬ ተሻምተው ጨርሰውልኛል። ከነገ ጀምሮ እስከ ገና ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።"

ለካ ገበያው ሁሉ ቅበላ ላይ ነበር። የኦርቶዶክስን ጾም ለጴንጤዋ የምታስታውሰው ሙስሊሟ! የበጉን ገመድ እንደያዝኩ መንገድ ላይ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ጠረጴዛዋን ተደግፋ። እሱ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። በጉ ብቻ ነው ያልሳቀው።

ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። እኔ ጾም መቼ እንደሚገባ ቆጥሬ አላውቅማ። "ነገ ይገባል፣ ሽሮ አለን?" ብሎ የሚነግረኝ እሱ ነበር። በየዓመቱ ይነግረኛል፣ በየዓመቱ እረሳለሁ። ዘንድሮ አልተነገረኝም፣ በግ ገዛሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ማርታ ዛሬ ለመዝሙር አልመጣችም። ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌያችን ወንድም ዳንኤል ወደ ጎን ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፣ ያስታመምን ሰሞን በየቀኑ ይመጣ ነበር። ደግ ባይሆን ይቀለኝ ነበር።

"እህት አልማዝ፣ ሰው የሚጸናለት በሕይወቱ ሳለ የወሰነው ነው። ይኼን አንቺው ነሽ ለሴቶቹ ስታስተምሪ የኖርሽው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አስተምሬያለሁ። ተዝካሩን ካደረግሽው ለጊዜው ከጌታ እራት ትታቀቢያለሽ፣ የሴቶች ኅብረቱንም ሌላ ሰው ይመራዋል አለ። ሲናገር ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። "ታደሰ አሁን የት ነው ያለው?"

ጫማውን አየ። ጭቃ ነበረበት። "እሱን ለጌታ እንተወው" አለ።

ሌላው ሁሉ ተዘርዝሮ ሲነገረኝ ኖሮ፣ እኔ የቸገረኝ ጋ ሲደርስ ለጌታ ይተዋል? ተናደድኩ። ቀጥሎ ደግሞ ፈራሁ። ልክ እነሱ ቢሆኑስ? አምኜበት የኖርኩትን ነገር ለአንድ ሰው ብዬ ስጥል፣ እሱን አልጠቅመው፣ ራሴን ብጎዳስ?

እስቲ ልጻፈው። ማርታ አባቷ ገነት ገብቷል ትላለች፣ አለቀ፣ የሚጨመር የሚቀነስ የለም። አባ ኪሮስ ነፍሱ መንገደኛ ናት፣ የኛ ጸሎት ስንቋ ነው ይላሉ። ፈትያ መቃብር ውስጥ መላእክት መጥተው ይጠይቁታል፣ ከዚያ እስከ ፍርድ ቀን ይጠብቃል አለችኝ። ምን ብለው ነው የሚጠይቁት ስላት ነገረችኝ፤ እኔ የታየኝ ግን ታደሰ ለመላእክቱ እሺ እሺ ሲል ነው። እናቴ ብትኖር ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይገባትም ነበር። እናቴ እዚሁ ተራራው ሥር ያለች የቤንች ገበሬ ነበረች፣ የሞተ ሰው ከግቢው ይርቃል ብላ አታምንም። አዲስ ማር በተቆረጠ ቁጥር ማንም ሳይቀምሰው ለአባቴ መሬት ላይ ጠብ ታደርግለት ነበር። ማር ሰጥታው ታማዋለች ደግሞ፣ "ይብላ፣ በቁሙም ለጣፋጭ አይቻልም ነበር" እያለች።

እኔስ? እኔ ከማርታ ጋ ነኝ። ማለቴ፣ ነበርኩ። ማለቴ አላውቅም። አልጋው ላይ የሱን ቦታ ትቼ ነው አሁንም የምተኛው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

አባ ኪሮስ ዘንድ ሄድኩ። የበጉን ነገር ስነግራቸው መቋሚያቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "ለገና ይደርሳል፣ ቀልቢው ብቻ" አሉ።

ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። "አባ፣ እኔ እንደማላምንበት ያውቃሉ። ሳላምን የማደርገው ነገር ይደርስለታል?"

"ጸሎቱ የኛ ሥራ ነው ልጄ" አሉኝ። "አንቺ ሽሮውን ሥሪ።"

የዚህን ያህል የቀለለኝ ቀን የለም።

ከሰዓት የእድር ሴቶች መጡ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጎደሬ። የጎደሬው ቅርፊት ግቢውን ሞላው፣ እጃችንን በላን። ፈትያ ሽንኩርት ከተፈች፣ እያለቀሰች ዘፈነች። ጠላ አልጠምቅም አልኩ፤ እዚያ ላይ ታደሰም ይቅር ይበለኝ፣ ለስላሳ አለ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ብቻ "ለስላሳ የተጠጣበት ተዝካር የመጀመሪያው ነው" አለች። አንድ ነገርስ የመጀመሪያ ይሁን።

ለማርታ ስደውል አታነሳም። "ነገ ነው፣ ብትመጪ ደስ ይለኛል፣ ባትመጪም ልጄ ነሽ" ብዬ መልእክት ላክሁ። እንዳየችው ስልኩ ያሳያል። መልስ የለም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አደረግሁት።

ማለዳ ጭጋጉ ሳይነሳ አባ ኪሮስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅጥሩ ውስጥ ገባሁ፣ ቤተ መቅደሱን ግን አልተጠጋሁም። ግራር ሥር ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ካህናቱ ጀመሩ። ግዕዙ አይገባኝም፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚል ስም ብቻ ይለይልኛል። አንዴ አሉ፣ ደገሙ፣ መላልሰው አሉ። የሌላ ሰው አርባም ከኛ ጋር ገጥሟል ማለት ነው ብዬ ለዚያ ሰው ቤተሰብ አዘንኩ፤ ዞር ዞር ብዬም ፈለግኋቸው። በመጨረሻ አጠገቤ ያለችውን ሴት "ወልደ ጊዮርጊስ ማነው?" አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ። "ባልሽ ነዋ። የክርስትና ስሙ ነው።"

ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሸሚዙን ሰፍቻለሁ፣ እግሩን አጥቤያለሁ፣ ሲያንኮራፋ ቀስቅሼዋለሁ። ይኼ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። ጠይቄው አላውቅም፤ የነሱ ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ። የተቀበረ ቀንም ጠርተውት ይሆናል፣ በጩኸቴ አልሰማሁትም። እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ጸለይኩ። በራሴ አማርኛ፣ በልቤ። ጌታ ሆይ፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚሉትን እኔ አላውቀውም፣ ታደሰን ግን አውቀዋለሁ፤ አንድ ሰው ናቸው፣ አደራህን አልኩ። ስጨርስ ነው የገባኝ፤ ለሞተ ሰው ጸልያለሁ። ካህን አልጠየቀኝም፣ ታደሰም አልጠየቀኝም። ከራሴ ነው የወጣው። ልመልሰውም አልፈለግሁም።

ግቢው ሙሉ ሰው በላ። ከኛ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው የወንድም ዳንኤል ሚስት ብቻ ናት። አልበላችም። ጓዳ ገብታ ሳህን ስታጥብ ዋለችና "ለለቅሶ ነው የመጣሁት" ብላ ሄደች።

ማርታ አልመጣችም። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ነበር።

ኅዳር 22፣ እሑድ

አራት ቀን አልጻፍኩም። ስሰፋ ነበር የሰነበትኩት።

ትናንት ማርታ ከቴፒ መጣች። ሙዝ ይዛልኛለች። ሳመችኝ፣ እራት በላን፣ ስለ ተማሪዎቿ አወራች። ስለ ማክሰኞው አንድም ቃል የለም። በጉን አይታ ከየት መጣ አላለችም። እኔም አልነካካሁም፣ ፈርቻታለሁ።

ዛሬ የጌታ እራት ነበር። ከፕሮግራሙ በፊት የሴቶች ኅብረቱን እህት አስቴር እንደምትመራው ተነገረ። ምክንያቱን አልተናገሩም፣ ያልሰማ ግን የለም። ከኋላ ወንበር ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ማርታ ፊት ለፊት ከመዘምራኑ ጋር ናት፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ። ያንን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ።

መዝሙሩ አልቆ እንጀራው መታደል ሲጀምር ከመዘምራኑ ወንበር ተነሳች። መሐል ለመሐል ስትመጣ ሰው ሁሉ ያያታል። እኔ ጋ መጥታ "ጠጋ በይ" አለችኝ። ጠጋ አልኩ።

ትሪው እኔ ጋ ደረሰ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። እንዲህ ያፍራል ብዬ አላሰብኩም ነበር ሰው፤ ፊቴ ጋለ። ማርታ በላዬ ተንጠራርታ ትሪውን ተቀበለች። ትንሽ ያዘችው። ከዚያ ምንም ሳታነሳ ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈችው።

ዘማሪ ናት። ሁሉም አይቷል፣ ወንድም ዳንኤልም አይቷል። ነገ እሷንም ይጠሯታል።

ስንወጣ "ምን ሆንሽ፣ ለምን አልወሰድሽም?" ብዬ ተቆጣኋት።

"እማ፣ አሁንም ተሳስተሻል ነው የምለው" አለችኝ። "ያደረግሽው ለአባዬ ምንም አይጨምርለትም። ግን አባዬ ደህና ቦታ ነው፣ እሱ አያሳስበኝም። አንቺ ነሽ ብቻሽን የተቀመጥሽው።"

ታደሰ የት እንዳለ አሁንም አላውቅም፣ ልጄን ምን ውስጥ እንደከተትኳትም አላውቅም። እጇን ያዝኩና ዳገቱን ወጣን።