ድንጋይ የተሸከመ አምባሳደር

ጥቅምት 4
እንጅባራ። ዝናብ። ኔትወርክ የለም። ጠዋት ሙሉ መጽሐፌን ስጽፍ አረፈድኩ... «ምሥራቅና ምዕራብን ያቀራረበ ሕይወት»። ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ቶኪዮና ብራሰልስ። ምን አቀራረብኩ? አንዱ አጎንብሶ፣ አንዱ እጁን ዘርግቶ ሲመጡ ግንባርና እጅ እንዳይጋጭ መሀል ገብቻለሁ። ለዚህም ሜዳሊያ ሰጡኝ!

እህቴ በለጡ ግምጃ ቤት ከተማ ናት፤ ከዚህ በሚኒባስ ቅርብ። አሥራ አንድ ዓመት አታናግረኝም። እናታችን ታማ ሲጠሩኝ ጉባኤ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ለቀብሯም አልደረስኩ። አሁን በለጡም ታማለች። ሳንታረቅ ብትሞትስ?

ጥቅምት 9
ደብዳቤ ላክሁላት። ሆቴል እንገናኝ፣ የማናችንም ቤት ያልሆነ ቦታ፣ ክብ ጠረጴዛ... ያደረሰው የአክስቴ ልጅ እንየው ሳቁን አፍኖ ተመለሰ።
«ምን አለች?»
«‹ከለቅሶ መቅረቱ ሳያንስ ምሳ ሊጋብዘኝ?› አለች።»

ጥቅምት 12
የአገር ሽማግሌው አባ ሽባባው ዘንድ ሄድኩ።
«ጥፋተኛው አንተ ነህ። ድንጋይ ተሸክመህ ደጇ ትቆማለህ።»
እኔ? ከስንት ሚኒስትር ጋር ማዕድ የቆረስኩት ሰውዬ? ኋላቀርነት፣ አልኩ በሆዴ።

ጥቅምት 17
አንዲት መዳፍ የምትሞላ ድንጋይ መርጬ መጣሁ። አባ ሽባባው አገላብጠው አዩዋት።
«ይቺ ለቢላ መሳያ ትሆናለች» አሉና መለሱኝ።
አፈርኩ። ሥራዬስ ይኸው አልነበር? «በድለናል» የሚለውን ከስንቱ ሰነድ ፍቄ «እናዝናለን» ብዬ ተክቻለሁ! ጎበዝ ይሉኝ ነበር።

ጥቅምት 21
ትልቅ ድንጋይ ተሸከምኩ። ከጋሪ ወርጄ እስከ ደጇ፣ በጭቃ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ያያል። በለጡ በምርኩዝ ወጣች። እንዴት ከስታለች...
አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች «አውርጅለት እንግዲህ» አሏት።
«ትንሽ ይቆይ» አለች።
ቆየሁ። አንገቴ ተቃጠለ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «በድያለሁ» አልኩ።
ምርኩዟን ጥላ ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደች። ልረዳት ብል «ተው!» አለችኝ።
ቤት ገብተን ብቻችንን ስንሆን ነገረችኝ።
«ያስቀየመኝ ከለቅሶው መቅረትህ አይደለም። እማዬ ‹ዓባይነህ መጣ?› ስትለኝ ‹መጥቷል፣ ልብሱን እየቀየረ ነው› አልኳት። እየጠበቀችህ ሞተች። እናቴን በመጨረሻ ቀኗ አስዋሸኸኝ።»
አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ መደብ ላይ አነጠፈችልኝ። እዚሁ ነኝ።