ወደ ዘይነባ ቤት የዘመመው ጥድ

ሰኞ

ዛሬም ተንቀሳቀሰ። ነፋሱ ሲመጣ በግቢዬ ጥድ ሥር ያለው አፈር እንደ ድስት ክዳን ከፍ ብሎ ይመለሳል። በዓይኔ አየሁት። ዛፉ ከደረቀ ቆይቷል፤ የዘመመው ወደ ጎረቤቴ ወደ ዘይነባ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ልጇ ሰዓዳ ከነጨቅላዋ ተኝታለች፤ አራስ ናት። ደጀን ላለው ለወንድሜ ልጅ ለይበልጣል ደወልሁ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ገመድና መዘውር አያጣም። ነገ እደርሳለሁ አለ።

ማክሰኞ

አልደረሰም። መኪናው ሉማሜ ላይ ተበላሽቷል። የሰፈሩ ወንዶች መጥረቢያ ይዘው መጡ፣ በደቦ እንጣለው ብለው። ወዴት ነው የሚወድቀው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እያንዳንዱ ወደየራሱ አቅጣጫ ጠቆመ። መለስኋቸው። ዘይነባን፣ ልጇን ወደ እኔ ቤት እንድታሻግራት ለመንኋት። አራስ ከቤት አትወጣም አለች። በሩን አልዘጋችብኝም፣ ግን ያው ነው። ደመናው ከብዷል።

ረቡዕ

ይበልጣል መጣ። ገመዱን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ በእጄ እየዳበስሁ ሄድሁ። አንድ ቦታ ሳስቷል።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ሲሚንቶ የጫነ መኪና የጎተተ ገመድ ነው» አለኝ።

ለዚህ ነዋ የሳሳው አልሁት። እየሳቀ አዲስ ሊገዛ ገበያ ሄደ። ሲመለስ ዛፉ ላይ መውጣትም ከለከልሁት፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ሰው አይሸከምም። በሲባጎ ድንጋይ አስሮ በላይኛው ባላ ላይ ወረወረና ገመዱን በዚያ አሳለፈ። መዘውሩን ከጎመኔ መደብ ማዶ ካለው ወይራ ግርጌ አሰርነው። ገመዱ እዚያ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጎታቾቹ ዛፉ ከሚወድቅበት መስመር ወጥተው ወደ ጎን ይቆማሉ። ነፋሱ ግን አላረፈም። እኔም።

ሐሙስ

ደቦ ሲጠራ ጠላ ይቀድማል። እኔ ዛፉ ሳይተኛ አንድ ጣሳ አይቀዳም አልሁ። አኮረፉ። ጎረቤታችን አያ ሞላ፣ «ለደቦ ነው የጠሩን ወይስ ለጾም?» አለ። የጋኑን አፍ ከደንሁት።

ዘይነባ አሁንም እምቢ። እንግዲያው እኔም ከሰዓዳ ጋር እሆናለሁ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ዘይነባ በመስኮት ወንዶቹን አየች፣ እኔን አየች።

«እርስዎ እዚህ ከተቀመጡ ገመዱን ማን ሊያይ ነው?» አለችና ልጇን በጋቢ ሸፍና ወደ እኔ ቤት አሻገረቻት።

ገመዱ ተወጠረ። ይበልጣል ግንዱን በመጋዝ ቆርጦ ሸሸ። ወንዶቹ ሳቡ። ጥዱ ቀና አለ፣ ከዚያ ቆመ። በመጨረሻ ወደ እኔ በኩል አጋደለና መደቡ ላይ ወደቀ። ጎመኔ አለቀ። የዘይነባ ግድግዳ አልተነካም። ጠላውን ራሴ ቀዳሁ።

ዓርብ

ዛሬም ነፋስ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ደጋግሜ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ጥዱ የነበረበት ላይ ሰማይ ብቻ ነው። ሰዓዳ አልጋዬ ላይ ናት፣ ጨቅላው ያለቅሳል። ዘይነባ አሁን ደግሞ፣ አራስ ሁለቴ አትንቀሳቀስም ትላለች። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።