የሥራ አስኪያጁ ክርን

አዋሽ፣ ኅዳር 1959

ይልቃል፣ አንተ ጨካኝ ዳኛ፣

እንዴት ሰነበትክ? በአምስተኛው ፋውል ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ስታስወጣኝ፣ «አሜሪካኖቹ ባለሙያ ተጫዋቾች እኮ እስከ ስድስት ይፈቀድላቸዋል» ብዬ ብለምንህ፣ «አንተ ማን ሆነህ!» ብለህ ሳቅክብኝ። ና እዚህ ጥጥ እርሻ ሕግ ተማር!

ዛሬ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ቅርጫት ሰቅለው የቢሮ ሰዎችና ጥጥ ለቃሚዎች ገጠሙ። ለቃሚዎቹ ካሸነፉ እሑድን ሊያርፉ ነው። ከወሎ የመጣው ቃሲም ብቻውን ሲያገባባቸው ጊዜ፣ ዳኛ የሆነው የቢሮው ጸሐፊ በሁለተኛው ፋውል አስወጣው። «ለቀን ሠራተኛ ሁለት ይበቃዋል» አለ፣ ሳያፍር። ለቢሮው ቡድን የተሰለፉት ሥራ አስኪያጅ ግን በክርናቸው ሰው ሲደቁሱ ጥፋቱ የተደቆሰው ነው፤ «ማን ተጠጋ አለህ?» ይባላል። ፋውል የሠራ ሰው ጥፋቱን ለማመን እጁን ያነሳ የለ? እዚህ የተመታው ነው፣ አፍንጫውን እየጠረገ፣ እጁን የሚያነሳው።

በመጨረሻ ክርናቸው ዳኛውን ራሱን አገኘውና ዘረረው። አሁንስ ይፈርድባቸዋል ስንል ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ የራሱን እጅ አነሳ!

እሑድም ጥጥ ይለቀማል።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእማማ የሻረግን ጉልበት ሳምልኝ፤ ወርቅዬንም ሰላም በልልኝ። አንድ ነገር ግን ለማንም እንዳታወራ፦ ዳኛው እጁን ሲያነሳ ሳቄ አመለጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ዞር ብለው አፈጠጡብኝ። ተመልካች ነበርኩ፣ ይልቃል፤ እጄን አነሳሁ።

ካሕሳይ