መቁጠሩን ብቻ ያቁምልኝ

ማክሰኞ

ነጂብ እሺ አለ። ከመገናኛ የሞባይል ሱቆች መጀመሪያ እሺ ያለኝ እሱ ነው። ሌሎቹ "ትተሽልን ሂጂ፣ እናየዋለን" ይላሉ፤ አያዩትም። እሱ ግን ፍላሹን ተቀብሎ አፑን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠው። ሴቶች ዘፈንና ፊልም ሊያስጭኑ ሲመጡ አብሮ ሊጭንላቸው ነው።

"ራስሽ ነሽ የሠራሽው?" አለኝ።

"ራሴ ነኝ።"

"ስሙስ? 'በሽልም'? በሽልም ያውጣሽ እንደሚባለው?"

"አዎ። በየሳምንቱ ልጁ ምን ያህል እንዳደገ ይነግራል፤ ምን መብላት እንዳለባት፣ መቼ ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለባት። ለልጇ የምትጽፍበት ገጽም አለው።"

"ማሻአላህ። የኔዋም አምስት ወሯ ነው። ዛሬውኑ እጭንላታለሁ።"

ፖስተሩንም መስታወቱ ላይ ለጠፈልኝ። ፖስተሩ ላይ ያለው ሆድ የኔ ነው። ባሌ ዳዊት ነው ያነሳኝ፤ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ። ፊቴ ስለማይታይ ማንም አያውቅም። የራሴን ሆድ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ስዞር ዋልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ፕላስተሩ እንዳያልቅብኝ ብቻ ነበር የማስበው።

ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ሙሉ ቀን ውጭ የዋልኩት ዛሬ ነው። ልጄ ሆዴ ውስጥ ሰባት ወር ሞልቷት ነበር። ልቧ ቆመ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እነሱም አያውቁትም። እንዲህ ተጽፎ ሳየው የሌላ ሰው ነገር ይመስላል።

ነገ፦ ፖስተር ለኮተቤ። ለሲስተር የሺ መደወል። ጫማ ማሰፋት።

ረቡዕ

ጫማው ቀረ። ሲስተር የሺ ጋ ግን ደወልኩ። የወረዳችን የጤና ባለሙያ ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችን ይከታተላሉ፤ ሴቶቹን አንድ ለአምስት ያደራጁትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው አንዴ "ጫኑት" ካሉ ከፖስተር ሁሉ ይበልጣል። ይህን ገና አፑን ስጀምር አውቀው ነበር።

"ዓርብ የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ አለን፣ ወረዳው አዳራሽ። ትንሽ ጊዜ እሰጥሻለሁ" አሉኝ። ከዚያ፣ "ግን ልጄ፣ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ቢቀርም ይቀራል እኮ።"

"እችላለሁ፣ ሲስተር።"

እውነቴን ነው። መቻል ማለት አለመሰማት ከሆነ እችላለሁ።

ለዳዊት ነገርኩት። ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። "ሰላሜ፣ ለምን ራስሽን ትቀጫለሽ?" አለኝ። ሥራ ነው አልኩት። የባንኩን ሥራ የለቀቅኩት ለዚህ አፕ ነው፤ እኔ ካላስተዋወቅኩት ማን ሊያስተዋውቅልኝ ነው? ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ስለ ውኃ ፈረቃ አወራን።

ሐሙስ

መብራት የለም። ስልኬ ሳይዘጋ የተጠቃሚዎችን ኮመንት ልይ ብዬ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢው በር ላይ ቆምኩ።

አንድ ኮከብ።

"ልጄ ሞታለች። ይሄ ነገር ግን በየሳምንቱ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ አሁን ፓፓያ ያክላል ይለኛል። ላጠፋው አልፈልግም፤ የጻፍኩላት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። መቁጠሩን ብቻ ያቁምልኝ። ማቆሚያው የት ነው?"

ስሟ ሐያት ይላል።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልጻፈው፦ ደረጃዬን ዝቅ ታደርግብኛለች አልኩ። ከዚያ ማቆሚያው የት እንደሆነ አሰብኩ። የለም። አልሠራሁለትም። ሳምንት ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ በመጨረሻ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" ይላል። ሌላ መንገድ የለውም። ስሠራው ለኔም ሌላ መንገድ አልታየኝም ነበር።

እኔ ከሆስፒታል እንደተመለስኩ ከስልኬ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ጣቴ ነው ያጠፋው፤ አላሰብኩበትም። የጻፍኩት ሁሉ አብሮ ሄደ። ምን ምን ጽፌ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። አንዱን ብቻ አገኘሁ፦ "ዛሬ ሎሚ አማረኝ።"

ለሐያት መልስ ልጽፍ ጀመርኩ። "ውድ ደንበኛችን" ብዬ አጠፋሁት። "በጣም ያሳዝናል" ብዬ እሱንም አጠፋሁት። ኔትወርኩ ጠፋ። ተገላገልኩ።

ዓርብ

አዳራሹ ውስጥ ያለፈው ስብሰባ ባነር አልወረደም፤ ስለ ልማት ነው። ከሥሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ወንበሮቹ ላይ ሴቶች። በየሄድኩበት ዓይኔ የሚያርፈው ሆድ ላይ ነው። ሲስተር የሺ ስለ ደም ማነስ አስተማሩ፤ ከዚያ "ይቺ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ አድምጧት" ብለው አስነሱኝ።

ደህና ተናገርኩ። በአማርኛ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ደም ካያችሁ ወይም ልጁ አልንቀሳቀስ ካላችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። ስልካቸውን አውጥተው በብሉቱዝ መቀባበል ጀመሩ። ደስ ይላል አልኩ፤ ደስ አላለኝም እንጂ ደስ የሚል ነገር መሆኑ ገባኝ።

ከኋላ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት እጇን አወጣች።

"አንቺስ ስንት ወልደሻል?"

የለኝም ልል ነበር። ሰሞኑን ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው እሱን ነው። አፌ ግን ሌላ ተናገረ። "አንድ። ሴት ነበረች። ሞታ ነው የተወለደችው።"

አንዷ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ሌላዋ አማተበች። "እግዜር ያጽናሽ" ያሉኝም አሉ። ከዚያ ስልኮቹ አንድ በአንድ ወደ ቦርሳ ተመለሱ፤ የጫኑትም ያልጫኑትም መውጣት ጀመሩ።

ሲስተር የሺ በር ላይ ያዙኝ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

"ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ፊት እንዲህ አይባልም! ስንቷን ለምኜ ነው ያመጣኋት። አሁን ሁሉም ሆዷን ስትዳስስ ልታድር ነው።"

"ጠየቀችኝ እኮ።"

"ብትጠይቅሽስ?"

ልክ ናቸው። እኔም አልዋሸሁም። ባለ ቀይ ሻርፗ ተከትላኝ ወጣችና ክንዴን ነካ አደረገችኝ። "እኔ ከወለድኩ በኋላ ብትጭኚልኝ ይሻለኛል። አሁን ፈራሁ።" ከተወለደ በኋላ አፑ ምንም እንደማይጠቅማት አልነገርኳትም። እሺ አልኳት።

የዛሬ ውጤት፦ ላስተዋውቅ ሄጄ ሰው አባረርኩ።

ቅዳሜ

መብራት መጣ። ማቆሚያውን ልሠራ ተቀመጥኩ። ኮዱ ቀላል ነው። ቀኑን የፈጀብኝ ቁልፉ ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። "ተቋርጧል" ስልክ ይመስላል። "ውርጃ" የሐኪም ካርድ ላይ ነው ያየሁት፤ እዚያው ይቅር። "ጨንግፏል" ለዕቅድ የሚባል ነው።

ዳዊት የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ነበር። የሐያትን ኮመንት አሳይቼ ጠየቅኩት። ከሆስፒታል ወዲህ ስለ ልጃችን ሳነሳለት መጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። እሱም ስለ ቁልፍ ነው።

"'መቁጠር ይቁም' በይው። ሴትዮዋ ያለችው እሱን አይደል?" አለ። ከዚያ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ዘጋና፣ "እኔ ስልክ ላይ አሁንም ይቆጥራል" አለኝ።

"ምኑ?"

"ስትሠሪው ለሙከራ የጫንሽልኝ። አላጠፋሁትም። ሰኞ ሰኞ ይመጣል። አነበዋለሁ።"

"ለምን?"

"አሁን ስንት ታክል ነበር እያልኩ።"

"የት ሆነህ?"

"ትምህርት ቤት። መምህራን ክፍል ሰው ከሌለ እዚያ። ሰው ካለ ሽንት ቤት።"

እጁን ልይዘው አሰብኩ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን እሱ ሲቆጥር እኔ አላውቅም። "እስከ መቼ?" አልኩት። "መውለጃሽ እኮ የሚመጣው ሳምንት ነው" አለ። ረስቼው ነበር ልለው ነበር። አልረሳሁትም። ሳምንቱን ሁሉ ፖስተር ይዤ የሮጥኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቁልፉ ሲነካ የሚወጣውን ጽሑፍ አብረን ጻፍነው። "ቆሟል። የጻፍሽው ሁሉ እዚሁ አለ። እናዝናለን።" ዳዊት አነበበውና "እነማን ናቸው የሚያዝኑት? ብቻሽን አይደለሽም እንዴ የሠራሽው?" አለ። "አዝናለሁ" አደረግኩት። ፋይሉን ናይሮቢ ላለው ጓደኛዬ ላክሁለት፤ ከዚህ ሆኖ ለፕሌይ ስቶር መክፈል ስለማይቻል አፑ የሚወጣው በሱ ስም ነው።

እሑድ

ከቸርች በኋላ በእግር ወደ ላይ ወጣን፣ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ እስከሚጀምርበት። ዳዊት ነው እንውጣ ያለኝ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ ጥግ ይዘን አሳለፍናቸው። እዚያ ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነው።

አዲሱ ወጥቷል። ዳዊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫነው፤ ቁልፉንም አገኘው። ጣቱን አስጠጋና መለሰው።

"ይሄ ሳምንት ይለፍ" አለ።

"ይለፍ።"

"ነገ የሚመጣውን አብረን እናንብበው?"

እሺ አልኩት። እዚያው ቆሜ ለሐያት ጻፍኩላት። "ማቆሚያ አልነበረውም። አሁን አለው። እኔም ልጄ ሞታብኛለች። ስሜ ሰላም ነው፣ አፑን የሠራሁት እኔ ነኝ።" ደግሜ ሳላነበው ላክሁት።

ሰኞ

ጠዋት ዳዊት ከመውጣቱ በፊት አልጋ ላይ ተቀምጠን አነበብነው። "ልጅሽ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ልብሱ ተዘጋጅቷል?" ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጥሩ አማርኛ ነው። ዳዊት ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ፤ ከበር ተመልሶ ግንባሬን ሳመኝ።

ለሲስተር የሺ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ማቆሚያውም ነገርኳቸው።

"አዳራሽ ውስጥ እንዳታነሺው" አሉኝ። "ግን ቤታቸው የምሄድባቸው አሉኝ። እንዳንቺ የሆኑ። ልጅ ስላልታቀፉ ማንም ሊጠይቃቸው አይመጣም። ለእነሱ እኔ ራሴ አሳያቸዋለሁ።"

"ለሚቀጥለው ስብሰባስ ልምጣ?"

"አፍሽን የምትይዢ ከሆነ።"

የሳቅኩ መሰለኝ።

ሐያት አልመለሰችልኝም። ኮከቡም እንዳለ አንድ ነው። አይታው ይሁን ሳታየው አላውቅም።

ከሰዓት ነጂብ ጋ ሄጄ አሮጌውን በአዲሱ አስቀየርኩ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ረዳቱ "ሂሳብ" አለ፣ ሰጠሁት፣ ከዚያ መጣ። አላቆም አለኝ። ጎኔ የተቀመጡት ትልቅ ሴትዮ ምንም አልጠየቁኝም። በላዬ ተንጠራርተው መስኮቱን ከፈቱልኝ።

ከኋላ አንዱ "ኧረ ብርድ ነው፣ ዝጉት!" አለ።

"ታገሥ!" አሉት ዞር ብለው። "ትንሽ አየር ታግኝበት።"

እስክወርድ ድረስ ማንም አልዘጋውም።