ለሴቶች በተሣለው ግድግዳ ላይ ስለተከበሩት አባት

ለተከበሩ አቶ መስፍን፣
የግድግዳ ሥዕሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና የኮሚቴውን አባላት በሙሉ በደኅና ጤንነት፣ የቀለሙም ሽታ ራሳችሁን ሳያዞረው እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ደክመው ስማቸው ለተዘለለ ሴቶች መታሰቢያ ስላሠሩ የኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር ነዋሪዎች ምስጋና ይድረስዎ። ከእነሱም መካከል የእኛዋን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ኃይሌን መጨመርዎን ስንሰማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ቀርበን ጽሑፉን እስክናነብ ድረስ።

ለማያውቋቸው አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ አረጋውያንን ሲንከባከቡ ኖረው ጡረታ የወጡ የሰባ ስምንት ዓመት እናት ናቸው። ላለፉት ሃያ ዓመታት የምርጫ ወረቀት በፖስታ በመጣ ቁጥር የሕንፃቸውን ሴቶች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰብስበው በአማርኛ ያስረዳሉ፤ “ፖስታሽን ለባልሽ አትስጪ፣ እጅ አለሽ አይደል?” እያሉ እያንዳንዷን ራሷን ያስፈርማሉ፤ ከዚያም በመኪናቸው ጭነው የድምፅ መስጫ ሳጥኑ ድረስ ያደርሷቸዋል።

አቤቱታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ ከሥዕላቸው ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈው “ቲ. ኃይሌ” ይላል፤ ፀሐይነሽ የሚለው ስም አንዲት ፊደል ሆኖ ቀርቷል። አቶ ኃይሌ አባታቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኮሎራዶን ሳያዩ ያረፉ፣ ልጃቸውንም ከሦስተኛ ክፍል ያስቀሩ ሰው ነበሩ። በዚህ ግድግዳ ላይ ለመከበር የመጀመሪያው ወንድ በመሆናቸው ቤተሰቡን እንኳን ደስ አላችሁ እንላለን። ባዕድ ቢሳሳት ባልገረመን ነበር፤ እርስዎ ግን በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ እንዳልሆነ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ሴቶች የምርጫ ወረቀት ይዘው ሲሣሉ፣ እሳቸው ግን እንሥራ አዝለው ተሥለዋል። ወይዘሮዋ የሚነዱት ኮሮላ ነው፤ በሕንፃቸውም ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ግን እሳቸው ስቀው ስላለፉት እኔም አልፌዋለሁ።

ሦስተኛው ግን የሚታለፍ አይደለም። የልጅ ልጃቸው አቢጊያ ደውላ ብትጠይቅ፣ በኮሚቴው ፎርም ላይ በሙሉ የሚሞላው የመጨረሻው ስም ብቻ እንደሆነ፣ ዓርብ ደግሞ ቫርኒሽ ስለሚቀባ ማረም እንደማይቻል ቢሮዎ በትሕትና ነግሯታል። ልጅቷ “እማማ፣ ዶንት ወሪ፣ ሰው እኮ ፊትሽን ያውቀዋል” ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። እሳቸውም “እንግዲያው ቅዳሜ አባቴ ይሂድ፤ የተጋበዘው እሱ ነው” ብለው ለምረቃው ያዘጋጁትን ቀሚስ ቁም ሣጥን ውስጥ መልሰው ሰቅለውታል። ራቅ ካለው ከግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ሳይቀር ሊመጡ የተዘጋጁ ሴቶችም እሳቸው ከቀሩ እንደሚቀሩ አስታውቀዋል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ስንቷን ሴት በስሟ ያስፈረሙ እናት ከገዛ በዓላቸው ሊቀሩ ሦስት ቀን ቀርቷል። የምንለምነው አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ቀጭን ብሩሽና የነገው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ስለሚሠዉት ውድ ጊዜ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ፣ ባርኔጣዬንም አውልቄ እጅ እነሣለሁ።

ቅዱስ ተገኝ
ከኦሪጅናል ኦሮራ

ማስታወሻ፦ በግድግዳው ቀኝ ግርጌ የእርስዎ ስም ከነማዕረጉ እስከ አያት ድረስ ተሟልቶ መጻፉን አይቼ ተደስቻለሁ። ቀለሙ ያለቀው አያትዎ ላይ ከሆነ ግን አይሳቀቁ፤ ለወይዘሮዋ የሚበቃ አንድ ጣሳ ነገ ይዤ እመጣለሁ።