በቢሮዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ስላለችው ጽዋ

ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገዛኸኝ
የጽሕፈት ቤት ኃላፊ (የጽሕፈት ቤቱ ስም በየዓመቱ ስለሚለወጥ፣ የዘንድሮውን ከታፔላዎ ላይ አይተው እንዲሞሉልን ቦታውን በትሕትና ክፍት ትተናል)
ወገዳ

ጉዳዩ፦ የወሩ ተረኛ ጠባቂ መሆንዎን ስለማስታወስ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የወገዳ አቧራ እንዴት ይዞዎታል? ወንበርዎስ ደህና ነው? መኪናዎ ከእኛ ቀበሌ ሲመለስ ያሰማ የነበረው ድምፅ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቻችንም ደህና ናቸው፤ ከብቶቻችንም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ደህና ሆነው አላስቀምጥ ስላሉን ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድነው።

እኔ ሐረገ ወይን፣ የአህያ ዋጥ ሴቶች የኪዳነ ምሕረት ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ያደረጉኝ አሥረኛ ክፍል ስለደረስኩ ብቻ ሳይሆን፣ አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃለች ብለው ነው። አባቴ ሰው ሲወቅሱ ከምስጋና ይጀምሩ ነበርና እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ደብዳቤው በቀበሌው ሰሌዳና በገበያው መግቢያ የተለጠፈውም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት የላክናቸው ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎች ማህተም የላቸውም ተብለው ሳይከፈቱ ተመለሱ፤ ሳይከፈቱ ማህተም እንደሌላቸው የታወቀበትን ጥበብ እያደነቅን፣ ይኸኛው ተከፍቶ ቢመጣ ምናልባት ይነበባል ብለን ነው።

፩. በአህያ ዋጥ ስለተከሉት ታፔላ እናመሰግናለን። አህያ ዋጥ ማለት፣ ይህን ገበያ መግቢያ ላይ ቆሞ ለሚያነብ እንግዳ ልንገረውና፣ በአንድ ክረምት የሰው አህያ ከነጭነቷ ውጦ ስም ያወጣ ቦረቦር ነው። ከአህያዋ በፊትም በኋላም የብዙ ሰው ማሳ በልቷል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ባሏ የሞተባት የየትናየት ነው። ሁለት ቃዳ የጤፍ መሬቷ በሦስት ክረምት ተሸርሽሮ፣ በበሽሎ ወንዝ በኩል ዓባይ ገብቶ፣ በእጇ የቀረው የይዞታ ደብተሩ ብቻ ሆነ። ደብተሩ ላይ አዋሳኞቿ በሙሉ ተጽፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ግን አየር ነበር።

ዝናቡ ዘግይቶ መምጣት፣ ሲመጣም የወሩን በአንድ ሳምንት መጣል ሲጀምር፣ የዛሬ ስድስት ዓመት እኛ ሃያ አራት የማህበር ሴቶች ድንጋይ ተሸክመን ቦረቦሩን መክተር ጀመርን። የነበረን ጊዜ በወር አንድ ቀን፣ ማህበር የምንጠጣበት ፲፮ ነው። የነፍስ አባታችን ቄስ መሐሪ በበዓል መቆፈር አይቻልም፣ ድንጋይ መሸከም ግን ለቤተ ክርስቲያን ሥራም እንሸከማለንና ይቻላል ብለው ፈቀዱልን። የምንሸከመው ከጠላው በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክትሮች ትንሽ ዘመም ብለዋል። ባለሙያዎ ዮርዳኖስ መዝመማቸውን «የጎርፉን ጉልበት ለመስበር ታስቦ የተሠራ» ብላ በሪፖርቷ ስላሰፈረችልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ዛሬ እዚያ ሣር አለ፣ ጌሾ አለ፣ ስድስት ቀፎ ንብ አለ፤ ደርቆ የነበረው ምንጭም እስከ ጥር ይፈሳል። የትናየት ሣሩን እያጨደች በግ ታደልባለች፤ ጌሾዋንም ወገዳ ታወጣለች። ታፔላዎ የተተከለው እንግዲህ ከመንገዱ ዳር ከነበረው ጌሾ አሥራ ሁለት እግር ተነቅሎለት ነው። የዘጠኝ መሥሪያ ቤቶች ስም ተጽፎበታል፤ የእኛ በቦታ ጥበት ምክንያት እንዳልገባ ተነግሮናል። ሆኖም የጎረቤታችን የአስናቀ ወይፈን ጀርባውን የሚያክበት ነገር በማግኘቱ ከአጥራችን ላይ ወርዶልናል፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

፪. ስለ ችግኝ ተከላው። እንግዶች በመጡ ቁጥር፣ ለፎቶግራፍ እንዲመች፣ ከመንገዱ ዳር ባለችው በዚያችው አንዲት ጉድጓድ ይተከላል። እስካሁን ሰባት ጊዜ ተተክሎባታል፤ አንዱ ሊጸድቅ ሲል ቀጣዩ እንግዳ መጥቶ ያስነቅለዋል። ጉድጓዷን እኛ አንነካትም፤ የእርስዎ ናት።

፫. ስለ ጽዋዋ። ይህቺ ከእርሷ በኋላ የነበሩትን ቁጥሮች ሁሉ ስለዋጠቻቸው አራተኛና አምስተኛ የለንም።

የማህበራችን ሥርዓት ይህን ይመስላል። በ፲፮ ቀን የወሩ ደጋሽ ጽዋዋን ለቀጣይዋ ተረኛ ታስረክባለች፤ የተቀበለችውም በሚመጣው ወር ትደግሳለች። እኛ ደግሞ ዘበኛ መቅጠር ስለማንችል ስድስት ዓመት ሙሉ የቦረቦሩን ጥበቃ ከጽዋዋ ጋር አስረን ኖረናል፤ ጽዋዋ በቤቷ ያደረች ሴት ያን ወር ጠባቂ ናት። ጠዋትና ማታ ዱላ ይዛ ትዞራለች፣ የገባ ከብት ታስወጣለች፣ የወደቀ ድንጋይ ትመልሳለች። ሃያ አራት ስለሆንን ተራው ለአንዷ የሚደርሳት በሁለት ዓመት አንዴ ነው።

ጥቅምት ፲፮ ተራው የየትናየት ነበር። ያን ዕለት እርስዎ ከእንግዶችዎ ጋር ሊጎበኙን መጥተው ከቄስ መሐሪ አጠገብ በክብር ተቀምጠዋል። የወሩ ደጋሽ የኔነሽ ጽዋዋን ሞልታ ተነሣች፤ የትናየት ነጠላዋን አደግድጋ ሁለት እጇን ዘርግታ ቀረበች፤ ቄስ መሐሪም «ኪዳነ ምሕረት በሰላም ታድርስ» ብለው ምርቃቱን ጀመሩ። በዚህ ጊዜ እርስዎ ብድግ ብለው፣ በየትናየት እጆች ላይ አሳልፈው፣ ጽዋዋን ተቀበሉ። «አሜን» አሉ፤ ድምፅዎም ያማረ ነበር። ጠላውን ጨለጡት። ቀጥለው ጽዋዋን ወደ ላይ አንሥተው «ይህ ዋንጫ የእኔ ብቻ ሳይሆን የመላው ጽሕፈት ቤታችን ነው» አሉ፤ ዮርዳኖስም በስልኳ ፎቶ አነሣችዎ። ጽዋዋ ሸክላ ናት፤ ጆሮዋ ከተሸረፈም ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እንዲህ ያለ ዋንጫ በየትኛው ውድድር እንደሚሰጥ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን መልስ አላገኘንም።

ለምን ዝም አላችሁ ቢሉን፣ በማህበራችን ሕግ ጽዋን ከተቀባይ እጅ መንጠቅ ነውር ነው። ደግሞም የኔነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተዪው፣ ይመልሳታል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በጽዋ አይጠፋም» አለችኝ። የኔነሽ ሰው በማመን የታወቀች ናት። ጽዋዋ ዛሬ በቢሮዎ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በእግር ኳስ ዋንጫዎች መካከል እንደተቀመጠች ዮርዳኖስ ነግራናለች።

በስምንተኛው ቀን የመጣው ጽዋዋ ሳትሆን ደብዳቤዎ ነው። በእርሱም ቦታው «ቋሚ ጠባቂም ሆነ ተጠያቂ አካል የሌለው ሆኖ በመገኘቱ» የጽሕፈት ቤቱ ሠርቶ ማሳያ እንዲሆን መወሰኑንና እኛም ሣር ማጨድ ስንሻ በጽሑፍ እያመለከትን እንደምንስተናገድ ገልጸውልናል። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ሳቁ አልመጣልንም። የትናየት መሬቷን አንድ ጊዜ ለጎርፍ አስረክባለች። ስድስት ዓመት ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማ ከጎርፍ ያስመለሰችውን አሁን በአንድ ገጽ ወረቀት ቢወስዱባት፣ እውነቱን ልንገርዎና፣ በጣም ይከፋናል። ደብዳቤውን አንብቤላት ስጨርስ ማጭዷን አንሥታ ወደ ቦረቦሩ ወረደች።

ማህበሩም ተሰበሰበ። ቄስ መሐሪ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና አንድ ጊዜ ደገሙት። ፍርዳቸው አጭር ነበር፦ በሁለት እጁ የተቀበለ፣ የጠጣና አሜን ያለ፣ እርሱ ተረኛ ነው፤ ባልቴት ይሁን ባለሥልጣን ሥርዓቱ አይለይም። ስለዚህ ከጥቅምት ፲፮ እስከ ኅዳር ፲፮ የአህያ ዋጥ ጠባቂ ክቡርነትዎ ነዎት። ጠባቂና ተጠያቂ የለውም ብለው የጻፉትም ጥበቃ በጀመሩ በስምንተኛው ቀን መሆኑ ነው። ኃላፊ ራሱን እንዲህ በግልጽ ሲገመግም በቀበሌያችን አይተን ስለማናውቅ ትሕትናዎን አድንቀናል።

አዝመራው እየተነሣ ከብቱ ልቅ የሚለቀቅበት ጊዜ ስለሆነ ቶሎ ቢደርሱ መልካም ነው። ዱላ አዘጋጅተንልዎታል፤ ወይራ ነው። ድግሱን በተመለከተ አይጨነቁ፤ ኅዳር ፲፮ ጾም በገባ ማግስት ስለሚውል ቅቤ አይጠበቅብዎትም፣ ጠላ፣ ዳቦና ንፍሮ ይበቃል። ጠላው ግን እንዳይቀጥን ሴቶቹ አደራ ብለዋል፤ ጌሾ ካነሰዎ ለታፔላው ከተነቀሉት አሥራ ሁለት እግሮች ይጠቀሙ።

በዚያ ቀን ጽዋዋን በሁለት እጅዎ ይዘው ለየትናየት ያስረክባሉ። ደብዳቤዎንም ጠቅልለው እዚያው ጽዋዋ ውስጥ አድርገው ቢያመጡት ይመቻል፤ ቄስ መሐሪ እንዳሉት ተረኛ የተረከበውን አደራ እንዳለ ለቀጣዩ ያስረክባል እንጂ ወደ ሌላ ማዛወር አይችልም።

ዱላዎን ከአጥሩ አስደግፈን፣ መንገድ መንገዱን እያየን፣ ከወንበርዎ እግር እስከ መኪናዎ ጎማ ሰላምና ጤና የምንመኝልዎ፣ ሥራ ባልደረቦችዎ፣

ሃያ አራቱ የአህያ ዋጥ ሴቶች
በጸሐፊያቸው ሐረገ ወይን
(ማህተም ስለሌለን የሃያ አራታችንም የአውራ ጣት አሻራ ከጀርባ ይገኛል)

ግልባጭ፦
ለቄስ መሐሪ፣ ለምርቃት
ለወይዘሮ የኔነሽ፣ ሰው ማመኗን እንዳታቆም
ለአስናቀ ወይፈን፣ ተረኛው ማን እንደሆነ እንዲያውቀው

ማሳሰቢያ፦ ወይፈኑ እስኪያውቀው ድረስ፣ በእርስዎ ፈንታ ጠዋትና ማታ የምትዞረው የትናየት ናት፤ የራሷ ወር ሲደርስም እንደገና ትዞራለች። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ውስጥ፣ ከክንድዎ በታች፣ ከዳር የተቆረጡ ሁለት እጆች እንደሚታዩና ባለጉዳዮች የሚያጨበጭብ ሰው እጅ እንደሚመስላቸው ሰምተናል። የየትናየት እጆች ናቸው። ኅዳር ፲፮ ሲመጡ ማን እንደሚረከብዎ እንዳይጠፋዎ፣ ከቤት ሳይወጡ አንድ ጊዜ አይተዋቸው ይምጡ።